ዓሣው ሲገዝፍ፥ ጦርነቱ ሲያንስ

ወታደር የነበረ ሰው ሁሉ አንድ የዓሣ ወሬ አያጣም። እኛም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ያጫወቱንን አንረሳም። እርሳቸው ከዘመቻው ከተመለሱ በኋላ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መንጠቆ ጥለው አንድ አምባዛ አወጡ። መጀመሪያ ሲነግሩን ዓሣው ክንድ ያህል ነበር። በዓመቱ የሰው ቁመት አከለ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሻምበላቸውን ከነጫማው ጎትቶ ሐይቅ ውስጥ ጨመረው። «ታዲያ እንዴት አወጣችሁት፥ አባባ?» ብንላቸው፥ «የቱን? ዓሣውን ነው ሻምበሉን?» አሉን።

ሳቁ ጋብ ሲል ስለ ኮሪያ ጠየቅናቸው። «ብርድ ነበር፥ ልጆቼ» አሉና ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባናል። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ ለጠላት እጁን የሰጠ ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ የተመለሱት ሰው ዓሣውን አግዝፈው ጦርነቱን በአንዲት ቃል ጨረሱት። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ ጥቂቷን ሥራችንን በሪፖርት እናገዝፋታለን። ዓሣ ቡና ላይ ቢያድግ የሚጎዳው የለም፤ መዝገብ ላይ ሲያድግ ግን የሚጎዳው አገር ነው።

ከእነዚያ ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሳይመሽ ሄደን እንጠይቃቸው። በዓሣው እንሳቅ፤ ዝም ያሉበትንም አስተውለን እንጻፍላቸው።