ቀበሌው ተገናኝቷል፤ ነዋሪውስ?

ስለ ገጠር መንገድ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ አባባል አለ፤ «ይህን ያህል ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ተገናኝተዋል» የሚል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ግን መንገዱ የደረሰው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ ሕዝቡ ዘንድ? የሚለው ነው።

በመንገድ ግንባታ የተሠራው ሥራ ቀላል እንዳልሆነ መካድ አይቻልም። የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በተለምዶ ዩራፕ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሁሉንም ቀበሌዎች ለማገናኘት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመሥራት አቅዶ ተነስቷል።

የዚህ ወጪ ተገቢነትም በጥናት የተደገፈ ነው። ስቴፈን ደርኮን፣ ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው የ15 የገጠር መንደሮችን ነዋሪዎች ከ1994 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ተከታትለው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከመንደሮቹ አንዷ በደጀንና በቢቸና መካከል በመኪና መንገድ ላይ ያለችው፣ በጤፍ የምትታወቀው የትመን ናት። ሌላዋ የአንኮበሯ ዲንኪ፣ ለደብረ ብርሃን ቅርብ ሆና ሳለ በዚያን ጊዜ በቀላሉ የማይደረስባት ነበረች። ከዚህ የምንረዳው፣ የገበሬውን ዕጣ የሚወስነው በካርታ ላይ የሚለካው ርቀት ሳይሆን በእግር፣ በአጋሰስ ወይም በመኪና የሚፈጀው ሰዓት መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ቀበሌ አስተዳደር እንጂ አንድ ሰፈር አይደለም። በደጋው አገር አንድ ቀበሌ በሸንተረርና በገደል የተለያዩ በርካታ ጎጦችን ይይዛል። መንገዱ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቀበሌው «ተገናኘ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ግን ወንዙ በሞላ ቁጥር ተቆርጦ ይቀራል። የዓለም ባንክ የገጠሩ ሕዝብ ስንት እጅ በደህና ሁኔታ ላይ ካለ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደሚኖር ሲለካ በ2016 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ያገኘው ውጤት 21.6 በመቶ ብቻ ነበር። ቀበሌ ሲቆጠርና ሰው ሲቆጠር የሚገኘው ሥዕል የተለያየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰውን ለመቁጠርም ቢሆን ያለን መረጃ አርጅቷል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት በአማካይ 2.6 በመቶ አድጓል። በዚያ ስሌት በ1999 ዓ.ም. 5 ሺህ ሰው የተቆጠረበት ቀበሌ በ15 ዓመት ውስጥ ከ7,300 በላይ ነዋሪ ይኖረዋል። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ድልድዩ የት ይሠራ፣ ስንት መኪና ይመደብ ብሎ መወሰን ግምት ከመሆን አያልፍም።

መንገድ ያለ ተሽከርካሪ አገልግሎት እንደማይሆንም መዘንጋት የለበትም። በገበያ ቀን ብቻ አንድ አይሱዙ የሚመጣበት መንደር ገበሬ የመኪናው ባለቤት በተመነው ሒሳብ ይጭናል፤ አለዚያም ነጋዴው በሰጠው ዋጋ እዚያው ይሸጣል። ምጥ ግን የገበያ ቀን አይጠብቅም። አምቡላንስ የማይደርስባት እናት ዛሬም በቃሬዛ ናት።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት መለኪያቸውን ሊለውጡ ይገባል። ሪፖርቱ ስንት ቀበሌ ተገናኘ ከማለት አልፎ፣ በሐምሌና በነሐሴ ስንት ሰው መኪና የሚያገኝበት ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ እንደሚችል ይንገረን። የተሠራው መንገድ ጥገናም ለቀበሌው ሕዝብ የዘመቻ ጉልበት ብቻ ሳይተው በጀት ይያዝለት። የተዘነጋው ቆጠራም ይካሄድ። ያልተቆጠረ ሕዝብ በዕቅድ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ በዕቅድ ውስጥ የሌለ ጎጥ ደግሞ ድልድይ አያገኝም።