የክረምቱ መጨረሻ ለጣና ነጭ ዓሣ የዕረፍት ጊዜ ይሁን

በሐርጌሳ ገበያ ዓሣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ እየሳሳ መሄዱን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ሐርጌሳ በደጋማ ስፍራ የተቆረቆረች፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌላት ከተማ ስትሆን ዓሣዋ የሚመጣላት ከበርበራ ጠረፍ ነው። በበርበራ ደግሞ ሶማሌዎች ሐጋ በሚሉት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ትንንሾቹ ጀልባዎች ወደ ዳር ይሳባሉ፤ አቅም ያለውም የከተማው ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ሼኽ ደጋ ይወጣል። ነፋሱ ሲበርድ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጠግኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህን ነፋስ ብዙ ሰው እንደ መቅሠፍት ይቆጥረዋል። በእኔ አስተያየት ግን ደመወዝ የማይከፈለው ታማኝ ዘበኛ ነው። ጉቦ አይቀበልም፤ አማላጅ አይሰማም፤ በየዓመቱ በቀጠሮው እየመጣ የጠረፉን ውኃ ከትንሹ ጀልባና ከመረቡ ያሳርፈዋል። (ከሩቅ የሚመጡት የባዕድ መርከቦች ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ።) ነፋስ የማይጠብቀው ውኃ ግን ዘበኛው ሰው ራሱ መሆን ይኖርበታል። በእነዚሁ የክረምት ወራት ጥበቃ በብርቱ የሚያስፈልገው ውኃ በኢትዮጵያ አለ፤ እርሱም የጣና ሐይቅ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ የሌላውን አገር ልማድ ማየት ይጠቅማል። በሰሜን አገሮች ሳልሞንና ትራውት የሚባሉ ዓሦች አሉ። ሳልሞን በባሕር ካደገ በኋላ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣል፤ ትራውትም ብርድና ጥራት ያለው ውኃ ይወድዳል። ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምደው ሰው እጅግ ብዙ ሲሆን፤ መቼ፣ የት፣ በምን መሣሪያ እንደሚያጠምድና ስንት ዓሣ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ በሕግ ተወስኖለታል። የበጋቸው መጨረሻ ሲደርስ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። በአሜሪካ በሞንታና ግዛት የወንዙ ሙቀት ሦስት ቀን በተከታታይ 73 ዲግሪ ፋራናይት፤ ማለት ወደ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፤ ከቀትር በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል፤ የሞቀ ውኃ አየር ስለሚያንሰው ተይዞ የተለቀቀው ዓሣ እንኳ ይሞታልና። በካሊፎርኒያም የሳልሞን ቁጥር ስላሽቆለቆለ በባሕር ላይ ሳልሞን ማጥመድ በ2023 እና በ2024 ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ሁሉ አድርገው እንኳ የአትላንቲክ ሳልሞን በ2023 ለመጥፋት አደጋ ወደ ተቃረቡት ዝርዝር ገብቷል። ዘግይቶ የመጣ ሕግ የሚያድነው ጥቂት ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። ይህ ሐይቅ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፤ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በውስጡ ቀረሶና አምባዛ ይገኛሉ፤ ዋናው መታወቂያው ግን በአካባቢው አጠራር ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ነው። ይህ አንድ ስም ብዙ ዓይነት ይሸፍናል። ናጌልኬርከና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ሊቃውንት ባጠኑት መሠረት 15 ያህል ዓይነት ነጭ ዓሣ በጣና ይኖራል፤ አብዛኛውም በዓለም ላይ በሌላ ውኃ አይገኝም። በ1997 ስም ካወጡላቸው ውስጥ አንዱን ትሩቲፎርሚስ ብለውታል፤ ትርጉሙ ትራውት መሰል ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው ለመልኩ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠባዩም ከሳልሞንና ከትራውት ጠባይ ጋር ይገጥማል።

ከእነዚህ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ዓይነት በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ከሐምሌ ጀምሮ በተለይም በነሐሴና በመስከረም ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉን ተከትለውም ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት በወንዙ ግርጌ ያለውን ድፍርስ ውኃ ሳይሆን፤ እንደ ጉማራ ገባሮች ያለውን ፈጣን፣ ጥርት ያለና ጠጠር የተነጠፈበትን ጅረት ነው። በዚያ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ውኃው ሲጎድል ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፦ በሐይቁ ሁሉ ተበትኖ የነበረው ዓሣ፤ ሆዱ ዕንቁላል ሞልቶ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥቂት ጠባብ በሮች ያልፋል። በዚያ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያነሣው የዚያን ቀኑን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡትን ዓመታት ጭምር ነው። ቀረሶ በዳር በዳር ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ ጉዳቱን ይተካ ይሆናል፤ ነጭ ዓሣ ግን አድጎ ለመራባት ዓመታት የሚፈጅ በመሆኑ ቶሎ አይተካም።

የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ሲያጠምዱ በኖሩበት ዘመን የወንዙ አፍ ይህን ያህል አያሰጋም ነበር። ከ1986 ወዲህ ግን ሞተር ያለው ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ጀልባው ሩቅ መሄድ ስለቻለ ወንዞቹ አፍ ድረስ ደረሰ። ውጤቱንም በመረብ እየለኩ የተከታተሉ ሊቃውንት አስታውቀዋል፦ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት በወንዝ የሚራባው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ፤ ታዳጊው ዓሣ ደግሞ 90 በመቶ ቀነሰ። አባትና እናት ሲቀንሱ ያሳዝናል፤ ልጅ ሲጠፋ ግን የቤቱ መዘጋት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጀልባ ባለቤቶች ላይ መጫን ግን ፍርድ አይሆንም። ከወንዙ በላይ ያለውም ገበሬ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣውን አስክሮ ይለቅማል፤ ይህ የቆየ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል። ለቤትና ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከወንዝ የሚዛቀው ጠጠርና አሸዋ የዓሣው አልጋ ነው። ለመስኖ የሚሠራ ግድብም ለዓሣ መተላለፊያ ካልታሰበለት መንገዱን ይዘጋዋል፤ በእርሻ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደ መሆኔ መስኖን አልቃወምም፤ መሐንዲሱ ዓሣውን በፕላኑ ላይ እንዲያስታውሰው ግን እለምናለሁ። ስለ እምቦጭ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንብ ደንግጓል። ሆኖም አዋጁ በጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ነጭ ዓሣው በነሐሴ ጨለማ ወደ መረቡ ይገባል። በክልሉ ከ2023 ጀምሮ የተነሣው ግጭትም የተቆጣጣሪውን ሥራ እጅግ አክብዶታል።

በእኔ አሳብ ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም፤ ቢታዘዝም አይፈጸምም። መዘጋት ያለበት የወንዞቹ አፍና ወንዞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጊዜውም ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም ማለቂያ። በዚህ ጊዜ አጥማጁ ከወንዝ አፍ ርቆ ቀረሶና አምባዛ ማጥመዱን ይቀጥል። ጥበቃውም ውኃ ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ በሌሊት ጀልባ ከማሳደድ ይልቅ በባሕር ዳርና በሌሎቹ የዳር ከተሞች ገበያ ላይ ዕንቁላል ያዘለ ነጭ ዓሣ የሚገዛውን ነጋዴ መጠየቅ ይቀላል። ገዢ ያጣ መረብ በራሱ ይጠቀለላል።

አጥማጁ ምን ይብላ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን የዓሣ ገበያ በጣም የሚደምቀው በዐቢይ ጾም እንጂ በነሐሴ አይደለም፤ ከአጥማጆቹም ብዙዎቹ መሬት ያላቸው ስለሆኑ ክረምት የእርሻ ወራታቸው ነው። ከውኃ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ወይጦ ግን ተለይቶ ሊታሰብለት ይገባል። የወንዝ አፍ ዘበኝነት በደመወዝ የሚሰጥ ከሆነ ውኃውን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቀው የለምና ለእርሱ ይሰጥ።

ደመወዙ ከየት ይምጣ? ኢትዮጵያ በመንጠቆ መዝናናት ለሚወዱ እንግዶች የምታሳየው ዓሣ እስካሁን በይበልጥ የባሌው ትራውት ነው። ይህ ዓሣ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች የተለቀቀ መጻተኛ ነው፤ በክረምት ወንዞቹ ስለሚሞሉና ስለሚደፈርሱ አጥማጁ የሚሄደው ውኃው ሲጠራ፤ ከኅዳር በኋላ ነው። በባሌው ትራውት መመካት ክፉ አይደለም። ግን እንግዳውን በወንበር አስቀምጦ ባለቤቱን በበር ማስቆም ምን ይባላል? ከጣና ነጭ ዓሣ አያሌው ዓይነት ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ኃይለኛ ስለሆነ፤ መንጠቆ ይዞ ለመጣ እንግዳ ከትራውት ያላነሰ ተጋጣሚ ነው። ከመራቢያው ወራት ውጭ፤ የያዘውን መልሶ እንዲለቅ ተገድዶ፤ የፈቃድ ዋጋ ከፍሎ ያጥምድ፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለወንዝ አፍ ዘበኞች ይዋል።

ትእዛዙ ግን ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚጻፍ ከሆነ ዓሣው ቀድሞ ያልፋል። የየወረዳው የእርሻ ሹማምንት ከማኅበራቱ ጋር ተስማምተው የሚዘጋውን ስፍራ በምልክት መለየትና ዘበኞቹን መምረጥ የሚገባቸው በግንቦት፤ ጀልባው ገና በቀላሉ በሚገኝበት ወራት ነው።