ካርዱ ሞልቶ መደርደሪያው ሲርቅ

የአሜሪካ መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ መግዣ፣ ፉድ ስታምፕ፣ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው በዌስት ቨርጂኒያ ደቡባዊ ጫፍ፣ በማክዳውል ካውንቲ ነው። ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለምረጡኝ ዘመቻ በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል መንደሮች ሲዘዋወሩ፣ ሥራ ያጡ ማዕድን ቆፋሪዎች መንግሥት በሚያድለው ዱቄትና የዱቄት ወተት ልጆች ሲያሳድጉ አዩ። ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት የፈረሙት የመጀመሪያ ትእዛዝም ይኸው እደላ እንዲጨምር የሚል ነበር። ሜይ 29 ቀን 1961 ደግሞ የግብርና ሚኒስትሩ ኦርቪል ፍሪማን ራሳቸው ወደ ካውንቲው መጥተው፣ 15 ነፍስ ላለበት የአንድ ሥራ አጥ ቆፋሪ ቤተሰብ 95 ዶላር የሚያወጣ ስታምፕ አስረከቡ። ባልና ሚስቱ ዌልች ከተማ ወዳለ ሱፐርማርኬት ገብተው የታሸገ ባቄላ ገዙ።

ያን ጊዜ የጠፋው ገንዘብ ነው፤ ሱቅስ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። ስታምፑ ካርድ ሆኖ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይሞላል። የራቀው ካርዱ ተይዞ የሚኬድበት ቦታ ነው።

ማክዳውል በ1950 ወደ 99,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 19,000 ገደማ ነው። በመካከል የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም፤ ማሽን የቆፋሪውን ቦታ ወሰደ፣ የብረት ፋብሪካዎች ከከሰሉ ፊታቸውን አዞሩ፣ ወጣቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ የሱቁ ታሪክ ነው። በከሰሉ ዘመን በብዙ መንደር ባለሱቁ ራሱ የማዕድኑ ኩባንያ ነበር። ቤቱን ያከራያል፣ ደመወዙን ይከፍላል፣ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ከራሱ ሱቅ በቀር የትም በማይሠራ በገዛ ገንዘቡ ነበር። ቆፋሪው በአንድ በር ደመወዙን ተቀብሎ በሌላው በር ለዚያው ጌታ ይመልሳል ማለት ነው። ግፍ ነው፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ነገር ግን ኩባንያው ጉልበቱን እስከፈለገው ድረስ ሰውየው መብላት እንዳለበት ይገባዋልና፣ ዱቄቱና ስኳሩ ከጉድጓዱ አፍ ብዙ አይርቅም ነበር።

የግል ነጋዴዎቹም ሕዝቡ ሲመነምን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ። በ2005 ዋልማርት ኪምቦል በምትባል ትንሽ ከተማ ግዙፍ መደብር ከፈተ። (ኪምቦል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተሰለፉ ጥቁር ወታደሮች በ1928 የመታሰቢያ ሕንፃ የቆመባት ከተማ ናት፤ ለዚህ እንኳ ስሟ ሊታወቅ ይገባ ነበር።) መደብሩ ሥጋውን፣ አትክልቱንና መድኃኒቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዘ። የቀሩት ትንንሽ ሱቆች በዋጋ ሊቋቋሙት አልቻሉም። ጃንዋሪ 2016 ላይ ኩባንያው በመላው ዓለም 269 መደብሮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ 154ቱ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ነበሩ። ኪምቦልም ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። በአሥር ዓመት ውስጥ ተፎካካሪውን ሁሉ አዳክሞ፣ ከዚያ ራሱም ሄደ። 140 ያህል ሰው ሥራ አጣ።

በዚያ መዘጋት ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ነገር አለ። መደብሩ ቀኑ የተቃረበበትን ምግብ ለአካባቢው የምግብ ባንክ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የሚገዛው ሰው መግዣ ቦታ ባጣበት ሳምንት የሚለምነውም ሰው የሚሰጠው አነሰ። ምጽዋቱ የተንጠለጠለው በንግዱ ትርፍራፊ ላይ ነበር፤ ንግዱ ሲነሳ አብሮ ተነሳ።

አሁን በካውንቲው ጨርሶ ሱቅ የለም ማለቴ አይደለም። ጥቂት ሱፐርማርኬቶች አሉ። ግን መኪና የሌለው ሽማግሌ ከአንድ ሸለቆ ጫፍ እዚያ ለመድረስ የጎረቤት ልጅ ይለምናል፤ ቤንዚኑንም እሱ ይሞላል። የግብርና ሚኒስቴሩ የምግብ በረሃ የሚለውን አካባቢ ሲለይ በገጠር የሚጠቀመው ዋና ልኬት 10 ማይል፣ ማለትም 16 ኪሎ ሜትር ነው። ከሱፐርማርኬት ከዚያ በላይ የራቀ ብዙ ነዋሪ ያለበት ድሃ ቀበሌ በካርታው ላይ ቀለም ይቀባል። ችግሩ ርቀቱ የሚለካው በቀጥታ መስመር፣ ወፍ እንደምትበረው መሆኑ ነው። ማክዳውልን ያየ ሰው መንገዱ በገደል ወገብ እየተጠማዘዘ የወንዝ ዳር ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። በካርታ ስምንት ማይል የሆነው በመኪና ሃያ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቤተሰብ ግን ከበረሃው ውጪ ተብሎ ይመዘገባል።

ገበሬ ከሆነ ሕዝብ የወጣ አንባቢ፣ ለምን አያርሱም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆፋሪዎቹ በደጉ ዘመን ጓሮ ያለሙ፣ አሳማና ዶሮ ያረቡ ነበር፤ ዛሬም የሚያለሙ አሉ። ነገር ግን ሸለቆው ጠባብ፣ ተራራው ቀጥ ያለ ነው። የመሬቱ ሰፊ ክፍልም ከከሰሉ ዘመን ጀምሮ ሌላ ቦታ በተቀመጡ የመሬትና የማዕድን ኩባንያዎች እጅ ነው። ጠፍጣፋው ቦታ ደግሞ የወንዙ ዳር ነው። ያንን ጎርፍ ይመላለስበታል፤ በ2001፣ በ2002፣ በኋላም በፌብሩዋሪ 2025 መጥቷል፤ ሰው ሳይቀር የወሰደበት ጊዜ አለ።

የተዘጉት ሱቆች በተዉት ክፍተት የገቡት ዶላር ስቶር የሚባሉ ርካሽ ሱቆች ናቸው። ዶላር ጄነራል ብቻ በአገሪቱ ከ20,000 በላይ ሱቅ አለው። እነሱን መርገም ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ በሄደበት መንደር በር ከፍቶ የተቀመጠን ሱቅ መርገም ይከብደኛል። ብስኩት፣ የታሸገ ሾርባ፣ የቀዘቀዘ ፒዛ፣ ለስላሳ መጠጥ ይገኝበታል። ትኩስ አትክልትና ሥጋ ግን በአብዛኞቹ የለም፤ ፍሪጅና ባለሙያ ይፈልጋል፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ትርፉም ቀጭን ነው። ጉዳቱ ያለው ዶላር ስቶሩ የማይበላሸውን፣ የሚያተርፈውን ሽያጭ ስለሚወስድ ነው። ለሌላው ነጋዴ የሚቀርለት ሰላጣውና ሥጋው ብቻ ይሆናል። በእነሱ ብቻ ደግሞ የትም ሱቅ አይቆምም።

ሱቅ ቢከፈትስ ሰዉ አመጋገቡን ይለውጣል ወይ የሚል ክርክር አለ። በ2019 በታተመ ታዋቂ ጥናት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የብዙ ሺህ ቤተሰቦችን የግዢ መዝገብ አገላብጠው፣ በሀብታምና በድሃ ማዕድ መካከል ካለው የጥራት ልዩነት በሱቅ ቅርበትና አቅርቦት የሚገለጸው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው ብለዋል። አዲስ ሱፐርማርኬት ሲከፈት ሰዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ የሚገዙት ግን ያንኑ የለመዱትን ነው። ጥናቱን አከብራለሁ፤ የበረሃውን ወሬ በቀላሉ ለሚደጋግሙ ጥሩ ልጓም ነው። ግን የሚመልሰው የጤናን ጥያቄ ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት እንቁላል ለመግዛት የሰው ፊት ማየት አለባት ወይ ለሚለው መልስ የለውም። የክብርን ጉዳይ በካሎሪ ሠንጠረዥ መዝጋት አይቻልም።

ፖለቲከኞቹ ግን ከመደርደሪያው ይልቅ ካርዱ ይማርካቸዋል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በዌስት ቨርጂኒያ ለስላሳ መጠጥ በፉድ ስታምፕ አይገዛም። ሐሳቡን ጨርሶ አልቃወመውም፤ ስኳር በዚያ አካባቢ ስንቱን እንደጎዳ የታወቀ ነው። ነገር ግን በማክዳውል አንዳንድ መንደሮች የቧንቧው ውሃ ቀለሙ ተለውጦ እየወረደ፣ ሰዎች መንገድ ዳር ከተራራ የሚፈስ ምንጭ ጋ ጄሪካን ይዘው ይቆማሉ። ኮካውን መከልከል በአንድ ወረቀት ያልቃል። ውሃውን ማጥራት በጀትና ዓመታት ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚቸኩል ሰው አላየሁም።

በሌሎች ገጠሮች ሕዝቡ ራሱ ሱቅ ለማቆም ሞክሯል። ካንሳስ ውስጥ ሴንት ፖል የምትባል ትንሽ ከተማ የራሷን የምግብ መደብር ታስተዳድራለች። በነብራስካ ኮዲ በምትባል መንደር የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የሚሠሩበት ሱቅ በ2013 ተከፍቷል፤ ልጆቹ እቃ ማዘዝና ሒሳብ መያዝ እዚያ ይማራሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ የባልድዊን ከተማ አስተዳደር በ2019 ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ በ2024 ኪሳራው በዝቶ ተዘጋ። ከባልድዊን ውድቀት፣ መንግሥት ሱቅ አይችልበትም የሚል ትምህርት የወሰዱ ብዙ ናቸው። እኔ የታዘብኩት የዋጋውን ነገር ነው። ትንሽ ሱቅ ከአከፋፋይ የሚገዛበት ዋጋ ግዙፉ ኩባንያ ለደንበኛው ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አከፋፋዩም ቢሆን ዝቅተኛ የትእዛዝ መጠን ያስቀምጣል፤ ከዚያ በታች የሚያዝ መንደር መኪናው አይመጣለትም። ብዙ ወገኖቻችን ከባድ መኪና እየነዱ የአሜሪካን ምግብ ከዳር ዳር ያመላልሳሉ፤ መኪናው የት እንደሚያራግፍና የትኛውን መውጫ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ኢንተርስቴት 77 የተባለው አውራ ጎዳናም ከማክዳውል በስተምሥራቅ ያልፋል እንጂ ካውንቲውን አይነካውም።

የዋጋውን አድልዎ የሚከለክል ሕግ አሜሪካ ከ1936 ጀምሮ አላት። ሮቢንሰን ፓትማን ይባላል፤ አቅራቢ ለአንዱ ቸርቻሪ ያለ በቂ ምክንያት ከሌላው በረከሰ ዋጋ እንዳይሸጥ ያዛል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ሕጉን ማስፈጸም ከሞላ ጎደል ተወው። የገጠር ሱቆች መርገፍና የሰንሰለት መደብሮች መፋፋት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው ብለው የሚሟገቱ አሉ፤ ሕጉ ዋጋ ያስወድዳል የሚሉም እንዲሁ። ሕጉ ግን አልተሻረም። ጃንዋሪ 2025 ላይ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ፔፕሲኮን፣ ለአንድ ግዙፍ ቸርቻሪ አድልቷል ብሎ በዚሁ ሕግ ከሰሰ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ፣ አስተዳደሩ ከተለወጠ በኋላ፣ ኮሚሽኑ ክሱን አነሳው።