ያዕቆብ በበትሩ ተደግፎ እንደ ሰገደ

ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት በራያ ቆቦ ወደምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ነበር። የዞብል ተራራ በስተ ምሥራቅ ይታያል፤ ከማሽላው እርሻም ላይ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። ሕዝቡ ሙቀቱን ከምንም ሳይቈጥር ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ ይሰግድ ነበር። ከቅጽሩ በር ውጭ ግን አንድ ሽማግሌ አባት በትራቸውን ተደግፈው ለብቻቸው ቆመው አየን። ስለ ምን ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ዳሌዬ በሕክምና ተለውጧል፤ ሐኪሙም እንዳልሰግድ ከልክሎኛል። ሰው ሁሉ ወድቆ ሲነሣ እኔ እንደ ምሰሶ ቆሜ በምን ፊቴ እገባለሁ?» አሉን።

ልጃቸውም ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ በማድረግ፥ «አባባ ሌሊት ተነሥተው ተደብቀው ሲሰግዱ አገኘኋቸው። ቢወልቅባቸው ምን ይበጀናል?» ስትል ጭንቀቷን ነገረችን።

እኛም ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ የሁለቱ ንግግር ከልባችን ስላልወጣ፥ የዚህን ወር ገጻችንን ለእኒህ አባትና እንደ እርሳቸው ላሉት ሁሉ ልናደርገው ወደድን።

አስቀድመን ስለ ሕክምናው ጥቂት እንናገር። የዳሌ መጋጠሚያ ማለት የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት ስፍራ ነው። በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ሽፋን በእርጅና ወይም በሕመም ሲያልቅ፥ ወይም ሰውየው ወድቆ የጭኑ አጥንት አንገት ሲሰበር፥ መራመድ ይቅርና ተኝቶ ማደርም ጭንቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች የተበላሸውን ራስ ቈርጠው ያወጡና ከብረት ወይም ሸክላ ከሚመስል ጠንካራ ነገር የተሠራ ክብ ራስ ይተኩበታል፤ ጎድጓዳውንም አብዛኛውን ጊዜ በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፍኑታል። ለዚህ ሥራ ዋናውን መንገድ የቀየሰው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ሲሆን፥ ጠንካራውን ፕላስቲክ በራይቲንግተን ሆስፒታል ሥራ ላይ ያዋለው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምናው በሀገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ አንድ የገጠር ቤተ ሰብ በብዙ ድካምና ወጪ ያገኘውን ፈውስ በአንድ ሌሊት እንዳያጣው መጠንቀቁ ተገቢ ነው።

በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ዳሌው የተለወጠ ሰው ሐኪሙን ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ፥ «ወደ ስኪ መቼ እመለሳለሁ?» የሚል ነው። ስኪ ማለት ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሳንቃዎች ከእግር ጋር አያይዞ በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው። ሮቤል ተክለ ማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በዚሁ ጨዋታ ኢትዮጵያን ወክሎ ስለ ተወዳደረ ስሙ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የሐኪሞቹ መልስ እንዲሁ «ተወው» ወይም «ሂድ» የሚል አይደለም። አስቀድሞ ጨዋታውን አጥብቆ ያውቅ የነበረ ሰው፥ ወራት ቆይቶ ጡንቻው ሲበረታ፥ በለዘብተኛው ቍልቍለት ላይ እንዲመለስ ብዙዎቹ ይፈቅዱለታል። መዝለልንና ጉብታ የበዛበትን ስፍራ ግን ይከለክሉታል፤ ከዚህ በፊት ያልሞከረውንም ሰው አሁን አትጀምር ይሉታል። የሚፈሩት ውድቀትን፥ የአዲሱን መጋጠሚያ መውለቅና በዙሪያው ያለውን አጥንት መሰበር ነው። እንግዲህ መመለስ አለ፤ አመላለሱ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም።

ይህን ነገር ከማንም ይልቅ በሕይወቱ ያሳየን ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ሆነ ይታወቃል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክሞ እግሩ ባይመለስለትም፥ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ተለማመደ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፥ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሩጫው ቢቀርበት በሌላ መንገድ ወደ ውድድር ተመለሰ እንጂ፥ «እንደ ቀድሞው ካልሮጥሁ ከቤቴ አልወጣም» አላለም።

በቆቦ ሜዳ በረዶ የለም። የእኛ ሰው የሚናፍቀው ወደ እርሻው፥ ወደ ገበያው፥ ይልቁንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መመለስን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለበረዶው ሰው የሚሰጠውን ምክር ወደ ራሳችን ኑሮ መልሰን እንየው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 3 ወር ድረስ፥ ሐኪሞች ለብዙው በሽተኛ የሚያዝዙት ጕልበት ከዳሌ በላይ ከፍ እንዳይል፥ እግር በእግር ላይ እንዳይነባበር፥ የእግርም ጣት ወደ ውስጥ እንዳይዞር ነው። እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ትእዛዙ ይለያያልና የራስን ሐኪም ቃል መጠበቅ ይገባል። በቤታችን ግን ከዚህ ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ ነገር ብዙ ነው። በርጩማው አጭር ነው፤ መደቡ ዝቅ ያለ ነው፤ መጸዳጃውም ቍጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ስለዚህ ልጆች ለአባታቸው ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ወንበር ያዘጋጁ፤ መኝታውን ከፍ ያድርጉ፤ ለመጸዳጃውም መካከሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር ያሠሩ። ሌሊት የሚያደናቅፍ ቍርበትና ምንጣፍ ከመንገድ ይነሣ። እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉትን ወንዞች አሸዋ ማቋረጥ ደግሞ እግርን ስለሚያሰምጥና ስለሚያጣምም ሰውነት እስኪጠና ድረስ ይቆይ። በበቅሎ ወይም በግመል ላይ መውጣትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሆንም።

እናቶችና አባቶች ሲወድቁ እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ቢታይ፥ ወይም ዳሌው የተለወጠለት ሰው በድንገት ታምሞ መቆም ቢያቅተው፥ ለወጌሻ ጉተታ አትስጡ። ሳታንቀሳቅሱ በቃሬዛ አድርጋችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱ። ከሕክምናው በኋላ ባት ቢያብጥ፥ ትንፋሽ ቢያጥር፥ ቍስሉ ቢመግል ወይም ትኩሳት ቢነሣ እንዲሁ ነገ ሳትሉ ውሰዱ።

አሁን ወደ ስግደቱ እንመለስ። ግንባርን ምድር የሚያስነካው ስግደት ዳሌን ከሁሉ ይልቅ የሚያጥፍ ነው። ሐኪሙ «አትጐንበስ» ሲል በሽተኛው ስግደትን ሳይጠይቅ ይወጣል፤ ከዚያም ወይ ፈጽሞ ይተወዋል፥ ወይ በስውር ይሰግዳል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ አንዱ ልጅ ስግደቱ እንዴት እንደ ሆነ በፊቱ ሰግዶ ያሳየው፤ የትኛው ዛሬ፥ የትኛው ከወራት በኋላ፥ የትኛውስ ከቶ እንደማይፈቀድ ተጠይቆ ይታወቅ። ከሐኪሙ የተሰማውም ለንስሐ አባት ይነገር። ቍስሉ እስኪጠግን ስለ ጾሙም እንዲሁ የንስሐ አባት ይጠየቅ። ሐኪሙና ካህኑ የሚያውቁት ነገር በስውር አይደረግምና ልጆችም ከጭንቀት ያርፋሉ።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ በሰንበት፥ ከትንሣኤም እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፥ ወድቆ መነሣትን ታቆማለች፤ አምልኮዋ ግን በእነዚያ ቀናት አይጐድልም። ይልቁንም አባታችንን ያዕቆብን እናስብ። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ፥ ማለት የዳሌው መጋጠሚያ፥ ስለ ተነካ እያነከሰ እንደ ሄደ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ሐዋርያው ደግሞ ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ፥ ያዕቆብ በሚሞትበት ጊዜ በበትሩ ጫፍ ላይ ተጠግቶ እንደ ሰገደ ይመሰክራል። ዳሌው የተነካው ሰው ስግደቱ በበትር ላይ ነበረ፤ ይህም ከእምነቱ ሥራ ጋር ተቈጠረለት እንጂ እንደ ጕድለት አልታየበትም። በየቤተ ክርስቲያናችን ያለውም መቋሚያ ለዝማሬ ብቻ ሳይሆን ለደከመ ሰው መደገፊያ የሚሆን ነው።

በዚያች ቀን በቆቦ የሆነውን ነግረናችሁ እንፈጽማለን። ከካህናቱ አንዱ ነገሩን ሰምተው ወደ በሩ ወጡ፤ የሽማግሌውን ክንድ ይዘው በግድግዳው አጠገብ ወዳለው ጥላ አቆሟቸውና መቋሚያቸውን ሰጡአቸው። ስለ ያዕቆብም ጥቂት ነገሯቸው። ሕዝቡ ወደ ምድር ሲወድቅ እኒህ አባት በመቋሚያው ላይ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሕዝቡ ሲነሣም ቀና አሉ። ልጃቸው ከሴቶቹ መካከል ሆና አየቻቸው፤ ከዚያም እርሷ ራሷ ወድቃ ሰገደች።

እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙት ትዕግሥትን ያድልልን። አሜን።