የወጣቶች የጥበብ መጽሔት ከአንባቢው ይጀምር

በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ወጣት ገጣሚዎች፣ ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት የአማርኛ የበይነ መረብ መጽሔት ቢኖራቸው የሚጠላ አይገኝም። ሆኖም እንዲህ ያለው ውጥን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስም በማውጣት፣ አርማ በማሠራትና የፊት ገጹን በማስዋብ ነው። ይህ ከመሠረቱ በፊት ጣሪያውን እንደ ማንሣት ይቈጠራል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ መጽሔቱን ማን፣ በምን መሣሪያና በምን ዐቅም ይጠቀምበታል የሚለው ነው።

ይህ አካሄድ ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ንድፍ ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዶናልድ ኖርማን ከስቲፈን ድሬፐር ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባዘጋጁት መጽሐፍ ሐሳቡን በሰፊው አስተዋውቀዋል። ፍሬ ነገሩ፣ ሰው በመሣሪያ መጠቀም ሲያቅተው ሰውየውን ከመውቀስ በፊት የመሣሪያውን አሠራር መመርመር ይገባል የሚል ነው።

ጉዳዩን ወደ እኛ እናምጣው። በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አሠራር 3 ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ 1,000 ቃላት ያለው ጽሑፍ ከ20 ኪሎባይት ብዙም አይበልጥም። መጠኑ ሳይቀነስ የተለጠፈ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶግራፍ ግን የ150 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያህል ይከብዳል። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ሌሊት በስልኳ ግጥም የምትጽፍ እኅታችን የገዛቻት ጥቂት ዳታ በአንድ ያጌጠ ገጽ ካለቀች፣ መጽሔቱ ለእርሷ አልተሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሞክሼ ሆሄያት የየራሳቸው መለያ ቍጥር ተሰጣቸው፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ሥዕል፣ ስዕል፣ ሥእል፣ ስእል ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒውተር 4 ናቸው። የመጽሔቱ መፈለጊያ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቈጥር ካልተደረገ፣ የወጣቱ ሥራ በመዝገቡ ውስጥ እያለ “አልተገኘም” ይባላል።

ሦስተኛው የቋንቋ ደረጃ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዶ አማርኛ የሚሰማ፣ ፊደሉን ግን የማያነብ ወጣት አለ። ከጽሑፉ ጎን በደራሲው ድምፅ የተነበበ ቅጂ ቢቀመጥ እርሱም የመጽሔቱ ቤተሰብ ይሆናል።

“ዋናው ይዘቱ ነው፤ ንድፉ ቀስ ብሎ ይደርሳል” የሚሉ አሉ። ይዘት ዋና መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም አንባቢው ዘንድ ያልደረሰ ግጥም በመሳቢያ ውስጥ ካለው አይለይም። ማስተካከያውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የዘርፉ ባለሙያ ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደ ጻፈው፣ 5 ተጠቃሚዎችን መመልከት ብቻ ከአንድ ድረ ገጽ ችግሮች 85 በመቶ ያህሉን ሊያሳይ ይችላል። ቍጥሩ ባለሙያዎችን ቢያከራክርም ትምህርቱ ጠቃሚ ነው።

ስለዚህ መጽሔት ለመመሥረት የምታስቡ ወገኖች፣ አርማውን ከማሠራታችሁ በፊት በተለያየ አገር የሚኖሩ 5 ወጣቶችን ፈልጉ። ሥራቸውን እንዲያስገቡና የሌላውን ሥራ ፈልገው እንዲያገኙ ጠይቋቸው። ሳትረዷቸው ተመልከቱ፤ የተቸገሩበትን ቦታ መዝግቡና ከዚያ ጀምራችሁ አስተካክሉ።