የበር ላይ ማስታወቂያ ስልክ ውስጥ አይሠራም

ስለ ቤቲንግ ስናወራ ክርክሩ ሁሌ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ "ይዘጋ!" ይላል፤ ሌላው "ሰው በገዛ ብሩ፣ ምን አገባችሁ?" ይላል። እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ፤ ሁለቱም ማሽኑን ከፍተው አላዩትም ባይ ነኝ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች 1.85፣ 1.85 ኦድ ተሰጠ እንበል። ትክክለኛው 2.00 ነበር። ስለዚህ ገና ኳሱ ሳይመታ ከ100 ብርህ ላይ በአማካይ 7 ብር ከ50 የአወራራጁ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች ደርድረህ አንድ ቲኬት ስትቆርጥ ቅነሳው እየተባዛ ይሄድና በአማካይ የሚመለስልህ 46 ብር ገደማ ይሆናል። "አንድ ጨዋታ በላኝ" እንላለን። አልበላህም፤ ማሽኑ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ሕጋችን ታዲያ ይህን የት ጋ ነው የሚነካው? በሩ ላይ "ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው" ያስለጥፋል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ ያሸነፈ ሰው ላይ 15 በመቶ ጣለ። ያሸነፈውን ያያል፤ የተበላውን አያይም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ በር የሚባል ነገር የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ለሚቆርጥ ልጅ ማስታወቂያውን ማን ያነብለታል?

"ቴክኒኩ ከባድ ነው" እንዳትሉኝ። ተጫዋቹ ራሱ የሚያስቀምጠው የቀን ገደብ፤ ሲቀንሰው ወዲያው፣ ሲጨምረው ግን ከሳምንት በኋላ የሚሠራ። "ለስድስት ወር ዝጉብኝ" የሚል ቁልፍ። ይህ ለፕሮግራመር ተአምር አይደለም። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እንዳይዘለል ከተፈለገ ደግሞ ገደቡ ብሩ የሚያልፍበት መስመር ላይ ይቀመጥ።

መስመሩ እንደሚታዘዝ ኬንያ አሳይታናለች። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2019 ተቆጣጣሪው ሳፋሪኮም የ27 አወራራጆችን የክፍያ ቁጥር እንዲዘጋ አዘዘ። ከጀርባው የነበረው የግብር ጠብ ነው። ለግብር ሲባል የሚዘጋ ቧንቧ ለወጣቱ ሲባል መጥበብ ያቅተዋል?

ገደብ የሌለው መተግበሪያ ፈቃድ አያግኝ። ፈቃዱን የሚሰጠው አካልም ከማኅተሙ በፊት ኮዱን የሚያይ ባለሙያ ይቅጠር። ይህ ካልሆነ ቁጥጥር አንበለው፤ ድርሻ መቀበል ነው።