ከመሄድ በፊት መመለስን ማሰብ

ልጆች ስለ ጥንት አባቶች ሥራ በመጽሐፍ ያነበቡትን በዓይናቸው ቢያዩት ትምህርቱ በልባቸው ይጸናል። ስለዚህ የቤት አባት በዓመት አንድ ቀን እንኳ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ጥንታዊ ቦታ ቢወጣ ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ አይባልም። ዳሩ ግን ያልተሰናዳ ጉዞ ደስታን ወደ ኀዘን ይለውጣል። ለዚህም ምስክር የሚሆን በጭድ ተራ ሠፈራችን የሆነ ነገር አለ።

የአንድ ባለ ሱቅ ጎረቤታችን እናት የሶዶ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ያዩዋቸውን የጢያን ትክል ድንጋዮች ራሳቸው ቆመው ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳዩ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይመኙ ነበር። ጢያ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ፥ በቡታጅራ መንገድ፥ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በቦታው 36 ድንጋዮች ሲገኙ በብዙዎቹ ላይ የሰይፍና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የሀገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ቦታውን የቆፈሩ ሊቃውንት ግን ከግራኝ ዘመን አስቀድሞ የነበሩ ሰዎች መቃብር መሆኑን ገልጠዋል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጎረቤታችን አንድ እሑድ ሱቃቸውን ዘግተው እናታቸውንና አራት ልጆቻቸውን ይዘው ከጥዋቱ 3 ሰዓት ተነሡ። አስቀድመው ስላልጠየቁ ወደ አውቶቡስ ተራ ቢሄዱ መኪናው ከሌላ መናኸሪያ እንደሚነሣ ተነገራቸው። ከተማውን ተሻግረው፥ ተራ ጠብቀው፥ ጢያ የደረሱት በ9 ሰዓት ነው። ለመግቢያና ለአስጐብኚ የሚከፈለውን አላሰቡትምና ቦርሳቸው ጐደለ። ልጆቹ በጥድፊያ ሲዞሩ እናቲቱ ከኋላ ቀሩ፤ ሊነግሩ ያሰቡትንም ሳይነግሩ ቀኑ መሸ።

ከሁሉ የከፋው መመለሻው ነበር። ከቡታጅራ የሚመጡት መኪናዎች ሁሉ ሞልተው ያልፉ ነበር። እናቲቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመንገድ ዳር ብርድ ላይ ተቀመጡ። ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ነጂ አዝኖላቸው ባያሳፍራቸው ኖሮ በዚያው ባደሩ ነበር። በማግስቱ እናቲቱ ጉልበታቸውን ታመው ተኙ።

ልጃቸውም ተጸጽተው «እማማ፥ ሁለተኛ ከቤት አላወጣሽም» ቢሉ፥ እናቲቱ «ልጄ፥ ድንጋዩስ የትም አይሄድም፤ የምንሄደው እኛ ነን። ይልቅስ ጉልበቴ ፈጽሞ ሳይከዳኝ አሰናድተህ ውሰደኝ» ብለው መለሱ።

ጎረቤታችን ይህን ቃል በልባቸው አኖሩ። በሁለተኛው ጊዜ ያደረጉትን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

አንደኛ፤ በዋዜማው መኪናው ከየት መናኸሪያና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፥ ታሪፉም ስንት እንደ ሆነ ጠየቁ። ሁለተኛ፤ ገንዘቡን በሦስት ከፍለው አሰሩ፤ አንዱ ለመሄጃ፥ አንዱ ለመግቢያና ለአስጐብኚ፥ አንዱ ለመመለሻ። የመመለሻው እስራት በምንም ምክንያት እንዳይፈታ ለእናታቸው በአደራ ሰጡ። ሦስተኛ፤ ቤተ ሰቡ ብዙ ስለ ሆነ ከሌላ ጎረቤት ጋር ተማክረው ወስዶ የሚመልስ አንድ መኪና በኮንትራት ተከራዩ፤ ኪራዩንም ለሁለት ተካፈሉ። አራተኛ፤ ለእናቲቱ መቀመጫ በርጩማ፥ ለልጆቹ ዳቦና ውሃ፥ ለፀሐይም ጃንጥላ ያዙ። አምስተኛ፤ ጥዋት በ12 ሰዓት ተነሡ። በመንገድም በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬን አሳዩአቸው፤ እርሱም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፥ እጅግ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ስፍራ ነው።

ጢያም ሲደርሱ እናቲቱ በበርጩማቸው ተቀምጠው ልጆቹን በዙሪያቸው ሰበሰቡ። «ይህ መቃብር ነውና በድንጋዩ ላይ አትውጡ» ብለው ካስጠነቀቁ በኋላ፥ በልጅነታቸው ሰይፎቹን በጣታቸው እያመለከቱ እንዴት ይቆጥሩ እንደ ነበረ ነገሯቸው። ልጆቹም አብረዋቸው ቆጠሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በሰላም ጭድ ተራ ገቡ።

እንግዲህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፤ በቤታችሁ ሀገሩን ለልጆች ሊያሳይ የሚመኝ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢኖር ለከርሞ አትበሉ። ነገር ግን የመሄጃውን ቲኬት ከመቍረጣችሁ በፊት የመመለሻውን አስቡ።